ይታሰር ወይስ ቤቱ ይደር?

በስርቆት ተጠርጥሮ የተያዘ የ15 ዓመት ልጅ ጉዳዩ ፍርድ ቤት እስኪታይ ማቆያ ይግባ ወይስ ቤቱ ይደር? በአሜሪካ በብዙ አካባቢዎች ይህን ለመወሰን ነጥብ የሚሰጥ ቅጽ ይሞላል። የተጠረጠረበት ጥፋት፣ የቀድሞ ታሪኩ፣ ከቀጠሮ ቀርቶ ማወቁ የየራሳቸው ነጥብ አላቸው። ድምሩ ከፍ ካለ ልጁ ይታሰራል፤ ዝቅ ካለ ይለቀቃል፤ መካከል ላይ ከዋለ ቤቱ ሆኖ ክትትል ይደረግበታል። ቅጹ የሚገምተው ሁለት ነገር ነው፦ ልጁ በቀጠሮው ይቀርባል ወይ? እስከዚያስ ሌላ ጥፋት ይፈጽማል ወይ?

እኔን ከድምሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ የቅጹ ጥያቄ ነው። የፖርትላንድ ከተማ መገኛ የሆነው የኦሪገኑ መልትኖማ ካውንቲ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነጭ ያልሆኑ ልጆች ከነጮቹ አብልጠው ሲታሰሩ አይቶ ቅጹን ጥያቄ በጥያቄ ፈተሸ። “ጥሩ የቤተሰብ ሁኔታ” የሚለው መስፈርት በአያት ወይም በአክስት እጅ ያደገን ልጅ ይጎዳል። ስለዚህ “ልጁን ፍርድ ቤት ለማቅረብ ኃላፊነት የሚወስድ አዋቂ አለ?” በሚል ተተካ። ትምህርት ቤት መገኘት ብቻ ሳይሆን ሥራ መሥራትም ይቆጠርለት ጀመር። ከወሮበላ ቡድን ጋር ግንኙነት አለው የሚለው ጭራሹኑ ወጣ፤ የሰፈር ልጅነት ብቻ ሊያስጠረጥር ይችላልና። ከእስር ሌላ አማራጮች ተዘረጉ፣ ሠራተኞችም ሠለጠኑ። በ2000 በሁለቱም ወገን ከተያዙት ልጆች የሚታሰሩት 22 በመቶ ገደማ ሆኑ።

ሳቭሪ የሚባለው መመዘኛ ሌላ መንገድ ይከተላል። 24 የስጋት ምልክቶችን ያያል፤ በተጨማሪም 6 ከጥፋት የሚጠብቁ ነገሮችን፣ ለምሳሌ የሚደግፈው ሰው መኖሩን፣ ይመዝናል። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ግን ድምሩ ሳይሆን ባለሙያው ነው። የልጅ ጠባይ በወራት ስለሚለወጥ ግምገማው መታደስ አለበት፤ ያምናው ውጤት የዘንድሮውን ልጅ አይገልጽም።

በስፔኗ ካታሎኒያ ተመራማሪዎች ሳቭሪን ከኮምፒውተር ስሌት ጋር አነጻጽረው ውጤቱን በ2019 አሳትመዋል። ስሌቱ በትንበያ በጥቂቱ ቢበልጥም በወንዶችና በውጭ አገር ዜጎች ላይ ያደላ ነበር፤ ዳግም ያላጠፉትን ሳይቀር አደገኛ ብሎ ይፈርጃቸዋል። ስሌቱ የተማረው ካለፉት መዝገቦች ነው፤ በእነዚያ መዝገቦች ደግሞ ዳግም ጥፋት ለየቡድኑ የተመዘገበበት መጠን ይለያያል። አንድን ልጅ የሚያስረው ሌሎች የሠሩት ከሆነ፣ ጠበቃው ቅጹ ላይ የተሞላውን እያንዳንዱን ነጥብ አይቶ የመሞገት መብት ሊኖረው ይገባል።