በሜዳችን፣ ከሜዳችን ውጭ

ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ታንዛኒያን «በሜዳው» ገጥሞ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ «ከሜዳው ውጭ» ዲሞክራቲክ ኮንጎን 2 ለ 1 አሸነፈ። ሁለቱም ጨዋታዎች የተካሄዱት ኪንሻሳ ላይ ነው። በሰው አገር፣ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ባለሜዳም እንግዳም ሆንን። የአፍሪካ ዋንጫው ማጣሪያ ግን በታንዛኒያው ሽንፈት አብቅቶልን ነበር። ያን ሰሞን በእንጅባራና በዳንግላ ሻይ ቤቶች የተወራው እንደ ወትሮው ስለ አሰልጣኝ ነበር፤ ማን ሄደ፣ ማን መጣ፣ ማን ይሻላል።

የአዊ ዞን ደጋፊ ግን በሜዳው ጉዳይ ላይ ከሌላው የተለየ ቅሬታ አለው ብል ማጋነን አይሆንም። ከዳንግላ እስከ ባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከእንጅባራም 120 ቢሆን ነው። ብሔራዊ ቡድኑ በአዲስ አበባ ስታዲየም ብቻ በሚጫወትበት ዘመን ዋልያዎቹን በአካል ማየት ለዚህ አካባቢ ሰው የሁለት ቀን መንገድና የአልጋ ወጪ ነበር። ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ግን ቡድኑ ሌሶቶን ባሕር ዳር ላይ አስተናግዶ 2 ለ 1 አሸነፈ። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ አይቮሪ ኮስት መጣች፤ እሷም 2 ለ 1 ተሸንፋ ተመለሰች። ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ፣ በሚኒባስ ሄዶ፣ የአይቮሪ ኮስትን ሽንፈት በዓይኑ አይቶ፣ ማታ እንጅባራ ብርድ ላይ የሚወርድ ደጋፊ በታሪካችን የታየው ያኔ ነው። መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ማዳጋስካር እዚያው ሜዳ ላይ 4 ለ 0 ተረታች፤ ከስድስት ቀን በኋላም፣ አቢጃን ላይ ብንሸነፍም፣ ማዳጋስካር ከኒጀር ጋር አቻ በመለያየቷ ወደ ካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ አለፍን።

ከዚያ በሩ ተዘጋ። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ተሸነፍን። ብዙም ሳይቆይ ካፍ የባሕር ዳር ስታዲየም ዝቅተኛውን መስፈርት አያሟላም ብሎ አገደው። ኅዳር 2 ቀን ጋናን «አስተናግደን» 1 ለ 1 የተለያየነው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሜዳችን የት እንዳልነበረ ማሰብ ይቀላል። ሊሎንግዌ፣ ሞሮኮ፣ ዳሬሰላም፣ አቢጃን፣ ኪንሻሳ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ትልቁ ድላችን፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 ያሸነፍንበት ጨዋታ፣ የተደረገው ማላዊ ውስጥ ነው። ያ ጨዋታ ባሕር ዳር ላይ ቢሆን ኖሮ ከጎንደር እስከ ቻግኒ ያለው መንገድ ሁሉ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ይለብስ ነበር። ደጋፊው የተነጠቀው ይህንን ነው፤ እስካሁንም ማንም ፊት ለፊት ቆሞ አልመለሰለትም።

የተሰጠው መልስ ሌላ ነው። ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር አሰልጣኝ ይቀየራል።

ይህን ለመረዳት ወደ ሰውነት ቢሻው ዘመን መመለስ ያስፈልጋል፤ ቁስሉም ደስታውም ከዚያ ይጀምራል። ኢትዮጵያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ናት። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን አነሳች። እ.ኤ.አ. ከ1982ቱ የሊቢያ ውድድር በኋላ ግን ለ31 ዓመት ከመድረኩ ጠፋች። አሰልጣኝ ሰውነት በ2004 ቡድኑን ሲረከቡ፣ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ እንግሊዝ ውስጥ የተጫወተው ኢፊ ኦኑዋራና ቤልጅየማዊው ቶም ሴንትፊት ተራ በተራ መጥተው ሄደው ነበር። ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ከተሸነፉ በኋላ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፈው አለፉ። ያን ቀን በየከተማው መንገድ ላይ ወጥቶ ያላለቀሰ ሰው ማግኘት ያስቸግር ነበር።

የአፍሪካ ዋንጫው የመጀመሪያ ጨዋታችን የዋለው፣ በአጋጣሚ፣ ጥር 13 ነው፤ ዋንጫው ከተነሳ ልክ 51 ዓመቱ። ተጋጣሚያችን ያለፈው ውድድር ሻምፒዮን ዛምቢያ ነበረች። ሳላዲን ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። በአሥር ሰው ከኋላ ተነስተን፣ አዳነ ግርማ አግብቶ፣ 1 ለ 1 ተለያየን። ከዚያ በቡርኪናፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ተመለስን። ቢሆንም ያ ቡድን ገና አላበቃለትም ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ የዓለም ዋንጫው የመጨረሻ ማጣሪያ በር ላይ ደረሰ። ደስታው ሳይበርድ ግን ፊፋ ሦስት ነጥብ ቀነሰብን፤ ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበት ተጫዋች ቦትስዋና ላይ እንዲሰለፍ ተደርጓልና። ካርድ መቁጠር የቢሮ ሥራ ነው። ሜዳ ላይ ያለ ልጅ ላቡን አፍስሶ ያመጣውን ነጥብ ወረቀት የሚይዝ ሰው ሲጥለው ማየት ከሽንፈት የባሰ ያንገበግባል። እንደዚያም ሆኖ ቡድኑ ምድቡን በመሪነት ጨረሰ። በመጨረሻው ዙር ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸነፈችን። ለዓለም ዋንጫ ሁለት ጨዋታ ቀርቶን ነበር ማለት ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እዚያ አልደረስንም።

ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ሰውነት ቢሻው ተሰናበቱ። ምክንያቱ በአገር ውስጥ ሊግ ተጫዋቾች የአፍሪካ ዋንጫ ላይ ሦስት ጨዋታ ተሸንፈው አንድም ጎል አለማግባታቸው ነው። ሽንፈቱ ሽንፈት ነው፤ አልከራከርም። ነገር ግን 31 ዓመት የተዘጋ በር የከፈተን ሰው በአንድ ወር ውድድር መዝኖ ማሰናበት ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ ልማድ ሆኖ ቀረ። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ አንድ ዓመት ቆዩ። ዮሐንስ ሳህሌ መጡ፤ ሌሶቶን ባሕር ዳር ላይ ያሸነፉት እሳቸው ናቸው፤ አልጄሪያ ላይ 7 ለ 1 ከተሸነፉ በኋላ ሄዱ። ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ፣ በጊዜያዊነት ዳንኤል ገብረማርያም፣ እንደገና ገብረመድኅን፣ ከዚያም መሳይ ተፈሪ። ከ2006 እስከ 2017 ወንበሩ ቢያንስ ዘጠኝ ጊዜ ሰው ተቀይሮበታል።

ከእነዚህ ውስጥ የአብርሃም መብራቱ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት በጦርነት የምትታመሰውን የመንን ለእስያ ዋንጫ አሳልፈዋል። የየመን ልጆችም በአገራቸው ሜዳ መጫወት አይችሉም ነበር። ባሕር ዳር ላይ አይቮሪ ኮስትን ያሸነፈው ቡድን የእሳቸው ነው። ኮሮና ሲመጣ ኮንትራታቸው አለቀ፤ አልታደሰም። የጀመሩትን ማጣሪያ የጨረሱት ውበቱ አባተ ናቸው። ውበቱ ኳስ ይዞ የሚጫወት ቡድን ሠሩ፤ ካሜሩን ወሰዱን፤ ግብፅን አሸነፉ። በ2015 መጋቢት ሞሮኮ ላይ በጊኒ ሁለት ጊዜ ከተሸነፍን በኋላ ግን በሚያዝያ ተለያዩ። ከሁለቱ አንዱ የእኛ «የሜዳ» ጨዋታ ነበር።

እዚህ ላይ ከደጋፊ ወገኖቼ ጋር አልስማማም። ከዘጠኙ ስንብቶች በብዙዎቹ «ይባረር» የሚለው ድምፅ ከፌዴሬሽኑ ቢሮ በፊት የተሰማው ከእኛ መካከል ነው። ይህን ያስተማረን አንዱ ዲኤስቲቪ ቤት ይመስለኛል። ቅዳሜና እሑድ ዳንግላ ላይ ስንቱ ወጣት የማንችስተር ዩናይትድን ወይም የአርሰናልን ማልያ ለብሶ አግዳሚ ወንበር ላይ ይታጨቃል። ፈርጉሰን በ2005 ግንቦት ጡረታ ከወጡ ወዲህ የዩናይትድ ደጋፊ ከሞይስ እስከ አሞሪም በእያንዳንዱ አሰልጣኝ ተስፋ አድርጎ፣ በእያንዳንዱ ተቆጥቶ፣ በ2017 ቡድኑ 15ኛ ሆኖ ሲጨርስ አይቷል። እዚያ ግን አሰልጣኝ ቢቀየርም ኦልድ ትራፎርድ ኦልድ ትራፎርድ ነው፤ አካዳሚው ልጅ ማውጣቱን አያቆምም። እኛ ቁጣውን ብቻ ተውሰን፣ ቁጣው የሚያርፍበት ሜዳና አካዳሚ ሳይኖረን፣ ሁሉንም በአንድ ሰው ላይ እንጭናለን።

ከዚያ ይልቅ ኬፕ ቨርዴን እንይ። ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ያውንዴ ላይ የያሬድ ባዬን ቀይ ካርድ ተጠቅማ 1 ለ 0 ያሸነፈችን አገር ናት። ሕዝቧ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ የአዊ ሕዝብ ብቻውን ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋ ነበር፤ ማለትም የእኛ ዞን ከኬፕ ቨርዴ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አሰልጣኟ ቡቢስታ ሥራውን የያዘው በ2012 ጥር ነው። እኛ ኪንሻሳ በነበርንበት የ2017 ማጣሪያ ኬፕ ቨርዴም ከምድቧ የመጨረሻ ሆና ወደቀች። እኛ ጋ ቢሆን ያ ሰው በሳምንቱ አይኖርም ነበር። አገሩ አቆየችው። ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ኢስዋቲኒን 3 ለ 0 አሸንፈው፣ ካሜሩንን ከኋላ ትተው፣ ለዓለም ዋንጫ አለፉ። ያለፉትም በዋና ከተማቸው፣ በሕዝባቸው ፊት፣ በገዛ ሜዳቸው ነው።

ክለቦቻችንስ? ባሕር ዳር ከተማ በ2015 ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ፋሲል ከነማ በ2013 ሻምፒዮን ነበር። ሊጉ ግን ከ2013 ጀምሮ የሚካሄደው በተመረጡ ከተሞች በዙር ነው፤ የቴሌቪዥን መብቱ ገንዘብ አመጣ፣ ደጋፊውን ግን ከቡድኑ አራቀው። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ያለው ጦርነት መንገዱን ራሱን የስጋት አድርጎታል። ከእንጅባራ ባሕር ዳር መሄድ ስንት ጊዜ ከኳስ በላይ የሆነ ጥያቄ ሆኖ ነበር። ይህን የሚፈታው አሰልጣኝም ፌዴሬሽንም አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የከበደውም እሱ ነው።

የስታዲየሙ ጉዳይ ግን የሰው እጅ ሥራ ነው። በ2011 በአገር ውስጥ ሊግ ተጫዋቾች የሚካሄደውን የአፍሪካ ዋንጫ የማዘጋጀት ዕድል አጥተን ለካሜሩን ሲሰጥ ማስጠንቀቂያው ደርሶን ነበር። በ2008 የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየም ከ60 ሺሕ በላይ ሰው እንዲይዝ ታስቦ ዓመታትን አስቆጥሯል። መንግሥት እ.ኤ.አ. የ2029ኙን የአፍሪካ ዋንጫ ለማዘጋጀት ጥያቄ አቅርቧል። እሰየው ነው፤ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ነገር ግን ለዚህ አካባቢ ደጋፊ ከሁሉ የቀረበው ጥያቄ ባሕር ዳር ነው። ካፍ አልተሟላም ያለውን ነገር አንድ በአንድ፣ ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገውን ገንዘብ፣ ኃላፊነቱን የወሰደውን አካልና የሚያልቅበትን ቀን ለሕዝብ ማሳወቅ ከባድ አይደለም። የአዊ ሕዝብ የፈረሰኞች ማኅበሩን ከ1932 ጀምሮ በአባላቱ መዋጮና ትጋት አቆይቶ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራን በፈረስ የሚሞላ ሕዝብ ነው። የራሱን ነገር በጋራ መያዝ ያውቃል፤ ስንት እንደጎደለ ቢነገረው የድርሻውን ለመክፈል ቀድሞ የሚሰለፈው እሱ ነው።

ከአሰልጣኙም ጋር ውሉ በግልጽ ይሁን። አንድ ሙሉ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያና አንድ ሙሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ይሰጠው፤ በመካከሉ ስንት ከ20 ዓመት በታች ልጅ እንዳሰለፈ፣ ከክለብ አሰልጣኞች ጋር ስንቴ እንደተገናኘ፣ የት እንደተለማመደ በየመንፈቁ ይነገረን። በዚያ ሚዛን ወድቆ ቢሄድ እኔም አልሟገትለትም። ከዚያ በፊት ግን የሚቀጥለው ዕጣ ሲወጣ ከተጋጣሚያችን ስም አጠገብ የሚጻፈው የሜዳ ስም የኢትዮጵያ ከተማ እንዲሆን ፌዴሬሽኑም፣ የክልሉ መንግሥትም፣ ባህልና ስፖርት ሚኒስቴርም ዛሬ ሥራ ላይ መሆናቸውን ማወቅ እንፈልጋለን።