የአንጎል ምርመራው ወረቀት «ጤናማ» ሲል

ባለፈው ሰሞን አንዲት የሰፈራችን እናት ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች። «ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ የሚጥል በሽታ የለባትም!» አለችኝ። ወረቀቱ የኢኢጂ ውጤት ነበር፤ «ጤናማ» ይላል። ያስደነገጠኝ ቀጥላ ያለችው ነው፤ የልጅቷን መድኃኒት ካስቆመች አራት ቀን ሆኗታል። ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪሙ እንድትመለስ ለመንኳት።

የአንጎል ሴሎች የሚነጋገሩት በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ምልክቱ የራስ ቆዳ ላይ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቮልት አሥር ሺህኛ እጅ አይበልጥም። ኢኢጂ ይህን አጉልቶ በሞገድ መልክ የሚጽፍ መሣሪያ ነው። ብዙ እናቶች «ኮረንቲ ይሰደድባታል ወይ?» እያሉ ይጨነቃሉ። የለም፤ መሣሪያው ያዳምጣል እንጂ ወደ አንጎል የሚልከው ነገር የለም።

የፈለሰፈው ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ሃንስ በርገር ነው። በወጣትነቱ ወታደር ሳለ ከፈረስ ወድቆ በመድፍ ጋሪ ከመደፍጠጥ ለጥቂት ተረፈ። በዚያው ዕለት ከአባቱ ቴሌግራም ደረሰው፤ ሩቅ ያለች እህቱ «ወንድሜ ክፉ ነገር ገጥሞታል» ብላ ተጨንቃ ነበር። በርገር ሐሳብ ከአእምሮ ወደ አእምሮ የሚሻገር ኃይል ነው ብሎ ዘመኑን ሁሉ ፈለገው። ያንን አላገኘም። ነገር ግን በ1924 እ.ኤ.አ. የሰውን አንጎል ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ፤ በ1929 አሳተመ። ብዙዎች አላመኑትም ነበር፤ በ1934 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ደግመው ሠርተው አረጋገጡለት። ዛሬም ኢኢጂ ሐሳብ ያነባል የሚሉ አሉ፤ አያነብም።

ለሚጥል በሽታ ግን ትልቅ ብርሃን ሆኗል። አንዳንድ ልጅ አይወድቅም፣ አይንፈራገጥም፤ በትምህርት መሃል ለጥቂት ሴኮንዶች ፈዝዞ ይቀርና ይመለሳል። መምህሩ «ፈዛዛ» ይለዋል፤ ሲብስም ይቆነጥጠዋል። ይህን ልጅ ኢኢጂ ላይ አስተኝተው ለሦስት ደቂቃ ያህል በረጅሙ ቶሎ ቶሎ እንዲተነፍስ ሲያደርጉት፣ ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ ሦስት ጊዜ የሚመላለስ ሹል ሞገድ ይወጣል። የልጁ ጥፋት አለመሆኑ ያን ጊዜ ይታወቃል።

ታዲያ የጎረቤቴ ልጅ ወረቀት ለምን ንጹህ ሆነ? የተለመደው ምርመራ የሚፈጀው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው። ግማሽ ሰዓት ደጅ ቆሞ «ጅብ አላየሁም» ያለ ዘበኛ፣ አገሩ ጅብ የለበትም አላለም። በሽታው ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያው ምርመራ ንጹህ ሆነው ይታያሉ። ሐኪሙ እንቅልፍ ቀንሳችሁ ኑ የሚለውም ለዚህ ነው፤ የደከመ አንጎል ምልክቱን ቶሎ ያወጣል። በተቃራኒው ጤነኛ ሆነው ሞገዳቸው ትንሽ የተዛባ ሰዎችም አይጠፉም።

ስለዚህ ከሞገዱ ይልቅ ሐኪሙ የሚመካው ያየ ሰው በሚነግረው ላይ ነው። በእኛ ጊዜ የነበረን የእናት ቃል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ስልክ አለ። ልጁን ሲጥለው ክብሪት ጭሮ ማሽተቱን ተዉት፤ አፉ ውስጥም ምንም አትክተቱ። በጎኑ አስተኙት፤ አንድ ሰው ደግሞ ይቅረጽ፣ ሰዓቱንም ይያዝ። አምስት ደቂቃ ካለፈ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም።

ለምርመራው ስትሄዱ ፀጉር በሳሙና ይታጠብ። ቅቤም ቅባትም አይነካው፤ ሽቦዎቹ ቆዳውን በደንብ መያዝ አለባቸው። ሹሩባ ይፈታል፣ ሂውማን ሄርም ይወልቃል። መድኃኒት ግን ሐኪም ካላዘዘ አንድ ቀንም አይቋረጥ።

የጎረቤቴ ልጅ ታላቅ ወንድሟ በስልኩ ቀርጿት ኖሯል፤ እስከዚያ ቀን አሳየን ያለው አልነበረም። ሐኪሙ ቪዲዮውን አይቶ መድኃኒቷን አስቀጠላት፣ እንቅልፍ ቀንሳ ለሁለተኛ ምርመራ እንድትመጣም ቀጠራት። ቀጠሮው ሊደርስ ሲል እኔው ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ እናቷና እኔ ሹሩባዋን ግራና ቀኝ ይዘን ፈታንላት።