እግር ሲሰበር ጉልበት ይነዳል

«ሜታታርሳል» የሚባለውን ቃል የአዲስ አበባ ኳስ አፍቃሪ የተማረው ከባዮሎጂ አስተማሪው ሳይሆን ከዴቪድ ቤካም ግራ እግር ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 2002 ማንቸስተር ዩናይትድ በኦልድ ትራፎርድ ዲፖርቲቮ ላኮሩኛን ሲያስተናግድ አርጀንቲናዊው አልዶ ዱሸር ክፉኛ ገባበት፤ የቤካም ሁለተኛው ሜታታርሳል ተሰበረ፡፡ የጃፓንና ደቡብ ኮሪያ የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ሁለት ወር አልሞላውም ነበር፡፡ ቤካም ከ53 ቀናት በኋላ ከስዊድን ጋር ተሰለፈ፡፡ በአርጀንቲና ላይ በፍጹም ቅጣት ምት አስቆጥሮም በቀሉን ተወጣ፡፡ በሩብ ፍጻሜው ግን መስመሩ ጋ ብራዚሎች ሊገቡበት ሲመጡ እግሩን ሰብስቦ ዘለለ፤ ከዚያችው ኳስ የተነሳው ጥቃት በሪቫልዶ ጎል ተደመደመ፡፡ ያን ዝላይ ካልጠናው እግሩ ጋር የሚያያይዙት ዛሬም ብዙ ናቸው፡፡

ከዚያ ወዲህ ወረፋው አላቆመም፡፡ ማይክል ኦውን እ.ኤ.አ. በ2005 የመጨረሻ ቀን ከቶተንሃም ጋር ሲጫወት ተሰበረ፡፡ ዋይኒ ሩኒ ደግሞ ኤፕሪል 29 ቀን 2006 ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ፣ ቼልሲ ዩናይትድን 3 ለ 0 አሸንፎ ሻምፒዮንነቱን ባረጋገጠበት ጨዋታ፣ ቀኝ እግሩን ይዞ ወደቀ፡፡ ሁልጊዜ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «መቼ ይመለሳል?» ጋዜጣው ሳምንት ይቆጥራል፣ ደጋፊው ጣቱን ይቆጥራል፡፡ በነዚያ ሳምንታት ውስጥ ሰውየው ከአልጋው ተነስቶ ሽንት ቤት እንዴት እንደሚደርስ ግን ማንም አይጠይቅም፡፡ ለሩኒ ብዙም ችግር አልነበረም፡፡ እሁድ ጠዋት ጃን ሜዳ ላይ ለጤና ቡድኑ ሲጫወት እግሩ ለሚሰበር ሰው ግን ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፡፡

የሰው እግር ከቁርጭምጭሚት በታች 26 አጥንቶች አሉት፡፡ ሜታታርሳሎቹ አምስት ናቸው፤ ከጣቶቹ ጀርባ ያሉት ረዣዥሞቹ አጥንቶች መሆናቸው ነው፡፡ ከነሱ ሁሉ አስቸጋሪው በትንሿ ጣት በኩል ያለው አምስተኛው ነው፡፡ በተለይ ከሥሩ አካባቢ ሲሰነጠቅ ሐኪሞች «የጆንስ ስብራት» ይሉታል፡፡ ይሄ ጆንስ ማን ነው የሚል የሊቨርፑል ደጋፊ ካለ ደስ ይበለው፤ ሰር ሮበርት ጆንስ የሊቨርፑል ከተማ ሐኪም ነበሩ፡፡ ስብራቱን እ.ኤ.አ. በ1902 የጻፉት በራሳቸው እግር ላይ አይተውት ነው፡፡ የተሰበሩት ደግሞ ኳስ ሲጫወቱ ሳይሆን ሲደንሱ!

የዚያ ቦታ ችግር ደም በደንብ የማይደርሰው መሆኑ ነው፡፡ ደም ካልደረሰ አጥንት ቀስ ብሎ ነው የሚገጥመው፡፡ ለዚህ ነው ክለቦች ብዙ ጊዜ ሳይጠብቁ ቡሎን አስገብተው የሚያሳስሩት፡፡ ቡሎኑም ሆነ ጀሶው ግን አንድ ነገር ይፈልጋሉ፤ ሐኪሙ «እርገጥ» እስኪል ድረስ አለመርገጥ፡፡ እርግጥ ሁሉም ስብራት አንድ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በመከላከያ ቡት እንዲረገጥ የሚፈቀድም አለ፡፡ «አትርገጥ» የተባለ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ስድስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በአንድ እግሩ መኖር አለበት፡፡ የአኪለስ ጅማት ተበጥሶ የተሰፋለትም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያው ነው፡፡ ቤካም ማርች 14 ቀን 2010 በኤሲ ሚላን ማሊያ ከኬቮ ጋር ሲጫወት አኪለሱ ተበጥሶ፣ በማግስቱ ፊንላንድ ቱርኩ ከተማ ሄዶ ተሰፋለት፡፡ ደቡብ አፍሪካ ላይ የደረሰው በሱፍ ልብስ ሆኖ፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው፡፡

በአንድ እግር መኖር ሲባል በኛ ከተማ የሚታወቀው ክራንች ነው፡፡ ክራንች ርካሽ ነው፣ ደረጃ ያስወጣል፣ በሚኒባስ ወንበር ሥር ይገባል፡፡ ግን የሞከረው ያውቀዋል፡፡ መዳፍ ይልጣል፣ ትከሻ ያቃጥላል፣ በሁለተኛው ቀን ደረት ያማል፡፡ አብዛኛው ሰው ደግሞ ብብቱን አስደግፎ ይንጠለጠልበታል፤ ይሄ ትልቅ ስህተት ነው፡፡ በብብት በኩል የሚያልፈው ነርቭ ሲጫን እጅ መደንዘዝ ይጀምራል፡፡ የክራንቹ ጫፍ ከብብት ሁለት ወይም ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ ክብደቱ በመዳፍ ላይ ነው መዋል ያለበት፡፡ ከሁሉም የሚብሰው ሁለቱም እጅ መያዙ ነው፡፡ ሻይ ከኩሽና እስከ ሶፋ ማድረስ አይቻልም፡፡ ሰውየው በሦስተኛው ሳምንት ይሰለቸዋል፣ «ለአንድ ርምጃ ምን አላት» ይልና ይረግጣል፡፡ ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው፡፡

አሜሪካኖች ለዚህ ያመጡት መላ የጉልበት ስኩተር ነው፡፡ የቅርጫት ኳስና የአሜሪካን ፉትቦል የሚከታተል ሰው አይቶት ይሆናል፤ አኪለሱን የተሰፋ ግዙፍ ሰውዬ አንድ ጉልበቱን ስፖንጅ ላይ አንበርክኮ በሌላው እግሩ መሬቱን እየገፋ ከቤንቹ ጎን ሲንሸራሸር፡፡ መጀመሪያ ሲታይ ያስቃል፡፡ በልጅነቱ ከጣውላና ከኩሽኔታ መኪና ሠርቶ ቁልቁለት ለወረደ የአዲስ አበባ ልጅ ግን እንግዳ ነገር አይደለም፤ የአዋቂ ኩሽኔታ በሉት፡፡ አራት ጎማ አለው (ሦስት ጎማ ያለውም አለ)፣ እንደ ብስክሌት መሪና የእጅ ፍሬን አለው፣ መሃሉ ላይ ቅልጥም የሚያርፍበት ስፖንጅ አለ፡፡ ክብደቱ አሥር ኪሎ ገደማ ሲሆን መሪው ይታጠፋል፡፡ አሜሪካ ውስጥ ተራው ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው ዋጋ ይገኛል፣ የሚያከራዩም አሉ፡፡

ጥቅሙ ቀላል ነው፡፡ ክብደቱን የሚሸከመው ክንድ ሳይሆን ቅልጥምና ጤነኛው እግር ነው፡፡ የተጎዳው እግር ከስፖንጁ ኋላ አየር ላይ ስለሚንጠለጠል ሳይታሰብ እንኳ አይረገጥም፡፡ በጤነኛ ሰዎች ላይ ሁለቱን ያነጻጸሩ ጥናቶችም በስኩተር የሄደው ድካሙ እንደሚቀንስለት አሳይተዋል፡፡ ፊት ለፊቱ ቅርጫት ከተገጠመለት ዳቦም ላፕቶፕም ይጭናል፡፡ ቢሮ የሚሠራ ሰው በክራንች ሁለት ሳምንት ፈቃድ የሚወስድበትን ጉዳት በስኩተር ወንበሩ ድረስ ሄዶ ሊሠራ ይችላል፡፡ እግሩ ላይ ለሚያድር ደመወዝ ይሄ ቀላል አይደለም፡፡

ታዲያ አጠቃቀሙን ያላወቀ ሁለተኛ እግሩንም ይሰብራል፡፡ የስፖንጁ ከፍታ ጉልበቱ 90 ዲግሪ ታጥፎ ሁለቱ ዳሌዎች እኩል እንዲሆኑ ተደርጎ ይስተካከላል፤ ከፍ ካለ ወገብ ያማል፣ ዝቅ ካለ ሰውየው ወደ ጎን ይንጋደዳል፡፡ መሪው ወገብ ላይ ሲደርስ ይበቃዋል፡፡ ሲወጡም ሲወርዱም ፍሬኑ መቆለፍ አለበት፡፡ በጤነኛው እግር የሚጫማው ጫማ የማያንሸራትት መሆን አለበት፤ ነጠላ ጫማ አድርጎ መግፋት የለም፡፡ ብዙ ሰው የሚወድቀው ደግሞ ሲታጠፍ ነው፡፡ ዕቃው ጠባብ ስለሆነ በፍጥነት ሲዞር ይገለበጣል፣ ስለዚህ ቀስ ብሎ፣ ሰፋ አድርጎ ነው የሚዞረው፡፡ ቁልቁለት ላይ ደግሞ በፍሬኑ ተማምኖ መልቀቅ ክልክል ነው፤ ኩሽኔታ ላይ የወደቀ ሁሉ ለምን እንደሆነ ያስታውሳል፡፡

ለሁሉም ሰው አይሆንም፡፡ ጉልበቱን የተጎዳ፣ ሁለቱንም እግሩን የተጎዳ፣ ሚዛኑን መጠበቅ የሚከብደው ሰው አይሞክረውም፡፡ ጉልበት ለረጅም ሰዓት ታጥፎ ሲቆይ ደም በደንብ አይዘዋወርምና በየመሃሉ ወርዶ እግርን መዘርጋት፣ ሲቀመጡም ትራስ ላይ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፡፡ ባቱ ድንገት ካበጠና ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ «ይተወኛል» አይባልም፤ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ነው፡፡

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣና፣ ይሄ ዕቃ አዲስ አበባ ላይ የት ይሄዳል? እውነቱን ለመናገር ብዙ ቦታ አይሄድም፡፡ ትንንሽ ጎማ ያለው ስኩተር ኮብልስቶን ላይ ሲወጣ የተሰበረውን አጥንት እንደ ቡና እየነቀነቀ ነው የሚወስደው፤ ሰፋፊና በነፋስ የሚሞላ ጎማ ያለው ይሻላል፣ ዋጋውም ክብደቱም ግን ይጨምራል፡፡ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ሊፍት ስለሌለው ስኩተሩ ደረጃ ላይ ዋጋ የለውም፡፡ አንዳንዱ ደረጃውን በመቀመጫው ቁጭ እያለ ይወርዳል፣ አንዱ ጓደኛ ስኩተሩን ተሸክሞ ይከተለዋል፡፡ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጭቃው አለ፡፡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ግን ለዚህ ዕቃ እንደ ዌምብሌይ ሜዳ ናቸው፡፡ ለስላሳ ወለል ያለው ቤት፣ ቢሮ፣ ትምህርት ቤት፣ ሊፍት ያለው ሕንጻም እንደዚያው፡፡ ስለዚህ የሚያዋጣው ሁለቱንም መያዝ ነው፤ ክራንቹ ለደረጃና ለታክሲ፣ ስኩተሩ ለወለሉ፡፡

በነገራችን ላይ በቢሮ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተንበርክኮ ለመንዳት የሚሞክር አይጠፋም፡፡ ፍሬን የሌለው ወንበር በሰከንድ ውስጥ ከሥር ሾልኮ ይሄዳል፡፡ ብረት በያጅ ጋ ሄዶ ማሠራት የሚያስብም ካለ፣ ፍሬንና የሚስተካከል ከፍታ ከሌለው ገንዘቡን ቢቆጥብ ይሻላል፡፡

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ራጅ ነው፡፡ ብዙ የእሁድ ተጫዋች እግሩ ሲያብጥ መጀመሪያ የሚሮጠው ወጌሻ ጋ ነው፡፡ የታሸ ስብራት ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል፤ በጣም ጠብቆ የታሰረ እግር ደግሞ ደም ተከልክሎ እስከ መቆረጥ የደረሰባቸው ሰዎች በየሆስፒታሉ ታይተዋል፡፡ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያው የጀሶም ይሁን የቀርከሃ በቶሎ መፈታት አለበት፡፡

ቸኩሎ የመመለስ ነገርን ደግሞ የፓሪ ሴንት ዠርሜን ደጋፊ ይጠየቅ፡፡ ኔይማር ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2018 ከማርሴይ ጋር ሲጫወት የቀኝ እግሩን አምስተኛ ሜታታርሳል ተጎድቶ ብራዚል ቤሎ ኦሪዞንቴ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፡፡ በሦስት ወሩ አንፊልድ ላይ በክሮኤሺያ ላይ አገባ፤ ሁሉም «ዳነ» አለ፡፡ በጃንዋሪ 2019 ከስትራስቡርግ ጋር ሲጫወት ያው እግር፣ ያው አጥንት እንደገና፡፡ ለሁለተኛው ጉዳት አንድ ምክንያት ብቻ መስጠት አይቻልም፤ ያ አጥንት አንዴ ከተነካ ግን በቀላሉ ይቅር የሚል አይደለም፡፡ ፓሪሶች ማንቸስተር ዩናይትድን በሁለቱም ጨዋታ ያለ ኔይማር ገጠሙ፡፡ ቀያይ ሰይጣኖቹ ፓሪስ ላይ 3 ለ 1 አሸንፈው ያለፉበትን ያን ሌሊት አዲስ አበባ ውስጥ ያልጮኸ የዩናይትድ ደጋፊ የለም፡፡ ለምን ኔይማር እንዳልነበረ ያስታወሰ ግን ጥቂት ነው፡፡

ከሁሉም የከፋው የሳንቲ ካዞርላ ነው፡፡ የመድፈኞቹ አማካይ በኦክቶበር 2016 ከሉዶጎሬትስ ጋር ከተጫወተ በኋላ ቀዶ ሕክምና ላይ ኢንፌክሽን ገብቶበት ስምንት ሳንቲ ሜትር የሚሆን የአኪለስ ጅማቱን በላው፡፡ ከክንዱ ላይ የተወሰደው ንቅሳት ያለበት ቆዳ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተለጠፈለት፡፡ ከልጁ ጋር ግቢ ውስጥ መራመድ ከቻለ ይበቃዋል የተባለ ሰው ነው፡፡ በ2018 ቪያሪያል መልሶ ተቀበለው፤ በ2025 ደግሞ በ40 ዓመቱ ኦቪዬዶን ከ24 ዓመት በኋላ ወደ ላሊጋ መለሰ፡፡ የሱ ትዕግስት ለማንም አይመኝም፤ ግን ስድስት ሳምንት በዛ ለሚል ሰው ይነገረዋል፡፡

የዋጋው ነገር ሲነሳ፣ አሜሪካ ያለ ዘመድ በሻንጣ ቢያመጣው እንኳ አንድ ሰው ለስድስት ሳምንት ብሎ ያን ያህል ብር ማውጣቱ ያሳስባል፡፡ የጤና ቡድኖች ግን በየወሩ ለማሊያና ለኳስ ያዋጣሉ፡፡ ሃያ ሰው ቢያዋጣ አንድ ስኩተርና ሁለት ጥንድ ክራንች ሊገዛ ይችላል፡፡ አንዱ ራጁን ታይቶ ሐኪሙ «እርገጥ» ሲለው ለቡድን መሪው ያስረክባል፤ ስፖንጁ ይታጠባል፣ ፍሬኑ ይታያል፣ ከማሊያው ጆንያ ጎን ይቀመጣል፡፡ የእሁዱ ሜዳ እንዳለ ከሆነ ደግሞ ብዙ አይቀመጥም፡፡