ከመቁጠሪያው በፊት ወንፊት አለ

ይህ የጓዳ ወሬ ነውና ጠጋ በሉ። ስለ ኑክሌር ፍንዳታ ብናኝ በሚወጣ ዘገባ ላይ አንባቢ የሚያየው አንድ ቁጥር ነው፤ በግራም ይህን ያህል ቤኬሬል። የናሙና ጨረር የምንቆጥር ሰዎች ግን እናውቃለን፤ ቁጥሩ የሚበላሸውም የሚድነውም ቀድሞ፣ ወንፊቱ ላይ ነው።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1954 ቢኪኒ ላይ ያፈነዳችው «ብራቮ» የተባለ የሃይድሮጅን ቦምብ 6 ሜጋቶን ገደማ ይሆናል ሲባል 15 ሆነ። በፍንዳታው የተነነው ኮራል ነጭ ብናኝ ሆኖ በጃፓናዊቷ ዓሣ አጥማጅ መርከብ በዳይጎ ፉኩርዩ ማሩ 23 መርከበኞች ላይ ወረደ። ጃፓኖች «የሞት አመድ» አሉት። የቶኪዮው ኬሚስት ኬንጂሮ ኪሙራና ባልደረቦቹ አመዱን በኬሚካል ለያይተው ዩራኒየም-237 አገኙበት፤ የቦምቡ አሠራር ምስጢር ከአመዱ ወጣ። ያልተለየ ናሙና እንዲህ አይናገርም።

በመጠን መለየትም እንደዚያው ያናግረዋል። ከፍንዳታው ከሚወጡት ጨረር አመንጪዎች ዚርኮኒየም-95 ቶሎ ስለሚጠጥር በቀለጠው ቅንጣት ውስጥ ይቀበራል። ስትሮንቲየም-90 እና ሲዚየም-137 ግን የሚወለዱት በአብዛኛው ከክሪፕተንና ከዜነን ጋዝ ነው፤ ጋዝ ደግሞ አይጣበቅም። እነሱ ጠጣር እስኪሆኑ ግርድፉ ወደ ምድር መውረድ ጀምሯል፤ ስለዚህ በብዛት የሚለጠፉት አየር ላይ በቀረው በላመው ብናኝ ላይ ነው። የላመው ሩቅ ይጓዛል፤ ሳር ላይ ያርፋል፤ ስትሮንቲየሙም ከሳሩ ወደ ወተት፣ ከወተቱ ወደ ሕፃን አጥንት ይሄዳል።

አሁን ወንፊቱን ተመልከቱ። ናሙናው ደርቆ ይመዘናል፤ ወንፊቶቹ ከሰፊ ቀዳዳ ወደ ጠባብ ተደራርበው ይነቃነቃሉ። የላመው ታዲያ ሽቦው ላይ፣ ብሩሹ ላይ፣ ጓንቱ ላይ ይቀራል። ሚዛን ላይ ቁንጣሪ ነው፤ የተሸከመው ጨረር ግን ቁንጣሪ ላይሆን ይችላል። ለዚህ ነው ናሙናውን ሳይነፋ አንዴ፣ ከተነፋ በኋላ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ የምንቆጥረው። ድምሩ ከሙሉው ካነሰ ብሩሹም ጓንቱም ይቆጠራል። በውሃ የታጠበ ነገር ካለ ውሃውም አይደፋም፤ የሚሟሟው ጨረር አመንጪ አብሮት ሄዷልና።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት ደግሞ ሰዓቱ ነው። ከፍንዳታው የተቆጠረው ጊዜ 7 እጥፍ ሲሆን የድብልቁ ጨረር ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። ይህ ግን የድብልቁ ሕግ ነው። ግርድፉና የላመው የያዙት የተለያየ ስለሆነ አወራረዳቸውም ይለያያል። ጠዋት የተቆጠረውንና ማታ የተቆጠረውን በአንድ ስሌት ማስተካከል ሁለቱንም ማበላሸት ነው።

ከብራቮ ፍንዳታ በኋላ በሮንገላፕ ደሴት ልጆች በዚያ ነጭ ብናኝ ተጫውተዋል። የዳይጎ ፉኩርዩ ማሩ የራዲዮ ሠራተኛ አይኪቺ ኩቦያማም በዚያው በ1954 ሴፕቴምበር 23 አረፈ። የምንነፋው አመድ ሰው ላይ የወረደ ነው።

ስለዚህ ዘገባ ስታነቡ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ናሙናው ተነፍቷል ወይ? ክፍሎቹ ሲደመሩስ ሙሉውን ይሰጣሉ? መልስ ከሌለው ቁጥሩን አትመኑ።