እስስትን እንወቃት

የዛሬው ንግግራችን ስለ እስስት ነው። ደብተርና እርሳስ የያዛችሁ በቅድሚያ ስሟን ጻፉ፦ እ፣ ስ፣ ስ፣ ት። አራቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው። ስሟን መጻፍ ቀላል ነው፤ ስለ እሷ የሚወራውን ከእውነቱ መለየት ግን ትንሽ ማሰብን ይጠይቃል።

ቃሉን የሚለዋውጥ ሰው ሲያጋጥመን «ይህስ እስስት ነው» እንላለን። ልጆች ደግሞ አጥር ላይ ሲያዩዋት ድንጋይ ያነሳሉ። መርዛም ናት የሚል ፍርሃት በብዙ አገር አለና ነው። እውነቱ ግን ይህ ነው፦ እስስት መርዝ የላትም። የምትመደበው ከእንሽላሊት ወገን ነው። ስትደነግጥ ሰውነቷን ትነፋለች፣ አፏን ትከፍታለች፣ መልኳን ታጠቁራለች። ይህ ሁሉ ጠላትን ለማስፈራራት ነው።

እስቲ አሁን አገሩን እንመልከት። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጣርማ በር አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ደብረ ሲና 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቆሎውን ገዝቶ ቁልቁለቱን ሲቀጥል ሸዋ ሮቢት ይደርሳል፤ እዚያ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ታዲያ መንገደኛው ጋቢውን ከላይ ለብሶ ከታች እንደሚያወልቀው ሁሉ፣ እንስሳትም ለብርዱና ለሙቀቱ የየራሳቸው ዘዴ አላቸው።

በደጋው ቁጥቋጦና አጥር ላይ የምትገኘው እስስት የኢትዮጵያና የኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች ተወላጅ ናት። በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችንን የጎበኘው ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1845 (እ.ኤ.አ.) በሳይንስ ስም መዝግቧታል። ትንሽ ናት፤ ከነጭራዋ ከአንድ ስንዝር ብዙም አትበልጥም።

ለመሆኑ ይህች ፍጥረት ብርዱን እንዴት ትችለዋለች? እንደ እኛ ከውስጥ የሚመነጭ ሙቀት የላትም። ሙቀት የምታገኘው ከፀሐይ ነው። ጠዋት ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ወጥታ ጎኗን ለፀሐይ ትሰጣለች፤ መልኳንም ታጠቁራለች፤ ጥቁር ነገር ሙቀትን ፈጥኖ ይቀበላልና። ሲሞቃት ትፈካለች። እንግዲህ መልኳን የምትለውጠው ለማታለል ብቻ አይደለም። ለመሞቅ፣ ለመቆጣት፣ ጓደኛ ለመሳብም ጭምር ነው። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማዳጋስካርን እስስት መርምረው፣ በቆዳዋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ክሪስታሎች መኖራቸውን፣ የክሪስታሎቹ ርቀት ሲሰፋና ሲጠብ መልኳ እንደሚለወጥ አስረድተዋል።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን አወላለዷ ነው። በአውሮፓ የሚኖር አረንጓዴ እንሽላሊት አለ። ክረምቱን ጉድጓድ ገብቶ ይተኛል፤ ሙቀት ሲመጣ ይወጣል፤ ሴቲቱም እንቁላሏን አፈር ውስጥ ትቀብራለች። የበጋው ፀሐይ አፈሩን ስለሚያሞቀው እንቁላሉ ይፈለፈላል። የእኛ ቆላ እስስቶችም እንዲሁ እንቁላል ይቀብራሉ። በደጋው ግን አፈሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ሌሊቱም ዓመቱን ሙሉ ይበርዳል። እዚያ የተቀበረ እንቁላል ምን ይሆናል? ስለዚህ የደጋዋ እስስት እንቁላሏን ከሆዷ አታወጣም። ፀሐይ ወዳለበት ይዛው ትዞራለች፤ እሷ ስትሞቅ እነሱም ይሞቃሉ። ጊዜው ሲደርስ በስስ ሽፋን የተጠቀለሉ ልጆች ትወልዳለች። ሽፋኑን ቀደው ይወጡና ያኔውኑ ራሳቸውን ችለው ይኖራሉ።

ምግቧ ዝንብ፣ አንበጣና ሌላም ነፍሳት ነው። ሁለቱ ዓይኖቿ ለየብቻ ይዞራሉ፤ አንዱ ወደፊት ሲያይ ሌላው ወደኋላ ያያል። ምላሷ ከሰውነቷ ይረዝማል፤ ዓይናችን ሳይከተለው ተወርውሮ ይመለሳል። የእግሯ ጣቶች ሁለትና ሦስት ሆነው ስለተያያዙ ቅርንጫፍን እንደ ጉጠት ይይዛሉ። ጭራዋም እንደ አምስተኛ እግር ያገለግላታል።

ነገር ግን አንድ ጉድለት አለባት፦ መሮጥ አትችልም። እንሽላሊት ሲይዙት ጭራውን ጥሎ ያመልጣል፤ ጭራውም ተመልሶ ያድጋል። እስስት ይህን አታውቅበትም። ዱላ ያነሳባት ልጅ በእርግጥ ይገድላታል። ልጅ ያዘለች እናት ከሆነች ደግሞ በአንድ ምት ያለቁት ብዙ ናቸው።

ስለዚህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ልጆቻችን እንዳይመቷት እንንገራቸው። ሁለተኛ፣ መንገድ ስታቋርጥ ካገኘናት በእንጨት ላይ አውጥተን ወደ ቁጥቋጦ እንመልሳት። ሦስተኛ፣ አጥር ስንመነጥር ከመቁረጣችን በፊት ቅርንጫፉን እንይ። አራተኛ፣ የተባይ መድኃኒት ያለ ልክ አንርጭ፤ ነፍሳቱ ሲያልቁ እሷም ትራባለች።

አድማጮቻችን፣ በየመማሪያ ቦታችሁ ተሰብስባችሁ እነዚህን ጥያቄዎች ተወያዩባቸው። የደጋዋ እስስት እንቁላል የማትቀብረው ለምንድን ነው? ጠዋት መልኳን የምታጠቁረውስ? መልሱን በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉና ላልሰማው ጎረቤት አንብቡለት። ደህና ሁኑ።