ንጉሡ ጠይቆ ነህምያ ሳይመልስ



ወደዚህ አገልግሎት ከሚደርሱን መልእክቶች ብዙዎቹ «ጸልዩልኝ» የሚሉ ናቸው። እንጸልያለን፤ ደስ እያለን እንጸልያለን። አንዳንዱ ወገን ግን «እኔ መጸለይ ካቆምኩ ቆየሁ፤ እናንተን ይሰማችኋል» ብሎ ይጨምርበታል። ሌላው ደግሞ «እግዚአብሔር ሁሉን ካወቀ እኔ ምን ልንገረው?» ይላል።

ይሄ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ጌታ ራሱ በማቴዎስ 6 ላይ አባታችን ሳንለምነው የሚያስፈልገንን እንደሚያውቅ ተናግሯል። የሚገርመው፣ ይህን ካለ በኋላ ዝም እንድንል አላዘዘንም፤ ወዲያው እንዴት እንደምንጸልይ አስተማረን እንጂ። እንግዲያው ጸሎት ለእግዚአብሔር ወሬ ማቀበል አይደለም ማለት ነው። ታዲያ ምንድን ነው?

እስቲ ነህምያን እንመልከት። ሰውየው ካህን አይደለም፤ ነቢይም አይደለም። በሱሳ ግንብ የንጉሡ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነው፤ በዛሬ አነጋገር የመንግሥት ሠራተኛ። የኢየሩሳሌም ቅጥር እንደ ፈረሰ የሰማው በካሴሉ ወር ነው። ንጉሡ ፊት ጉዳዩን ያነሣው በኒሳን ወር ነው። በመካከሉ አራት ወር ገደማ አለ። አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። በእነዚያ ወራት ቅጥሩ እንደ ፈረሰ ነበር፤ በሮቹም እንደ ተቃጠሉ።

የተለወጠው ነህምያ ነው። ምዕራፍ 1ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ስለ ሌሎች ጉስቁልና በማልቀስ ይጀምራል፤ ቀጥሎ የራሱንና የአባቱን ቤት ኃጢአት ይናዘዛል፤ መጨረሻ ላይ በንጉሡ ፊት ሞገስ እንዲሰጠው ይለምናል። «አንድ ሰው ላክላቸው» ሊል የሚችለው ሰው ራሱ ለመሄድ ተዘጋጀ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ንጉሡ «ምን ፈለግህ?» ብሎ ጠየቀው። ነህምያ እጅግ ፈርቷል። በጥያቄውና በመልሱ መካከል ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ ይላል ምዕራፍ 2። አልተንበረከከም፤ ድምፁንም አላሰማም፤ ምን ብሎ እንደ ጸለየ እንኳ አልተጻፈልንም። ስንት ሰኮንድ ቢፈጅ ነው? መልሱ ግን የተሰናዳ ነበር፦ የሚመለስበት ጊዜ፣ ለገዢዎች የሚሰጥ ደብዳቤ፣ ከንጉሡ ደን የሚቆረጥ እንጨት። የጸለየ ሰው አላሰበበትም ያለው ማን ነው?

ይህች አጭር ጸሎት ለእኛ ናት። ቢሮ መስኮት ላይ ተራ ለሚጠብቀው፣ ምጣዱ እየጋለ ልጁ ለሚያለቅስባት እናት፣ በቤይሩት ወይም በጅዳ በአሠሪዋ ማድ ቤት ቆማ ይህን ፕሮግራም ድምፁን ቀንሳ ለምታዳምጠው እህቴ። ዓይን መጨፈን ባይቻልም ይጸለያል። ግን አትርሱ፣ ያቺ አጭር ጸሎት ከኋላዋ የአራት ወር ጸሎት ነበራት። ስልክ ላይ «አሜን» ብሎ ጽፎ ማለፍ ብቻውን ይህን አይተካም፤ ይቅርታ አድርጉልኝና።

ሌሎች እንዲጸልዩላችሁ መጠየቅ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። ጳውሎስም አብያተ ክርስቲያናትን ይጠይቅ ነበር፤ እርሱ ግን መጸለዩን አልተወም። እግዚአብሔር በጉዳይ ገዳይ የሚገኝ ባለ ሥልጣን አይደለም። በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው አማኞች በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲጸልዩ መድረክም ድምፅ ማጉያም አልነበረም።

«ጸልዬ አልመለሰልኝም» ብላችሁ ያቆማችሁ ወገኖቼስ? እምነት ስላነሳችሁ ነው አልላችሁም። ጳውሎስ ሦስት ጊዜ ለመነ፤ መውጊያው አልተነሣለትም፤ ጸጋ ተሰጠው። ጌታም በጌቴሴማኒ ሦስት ጊዜ ጸለየ፤ ጽዋው አላለፈም። መዝሙር 88ን ዛሬ ማታ አንብቡት። ሌሎቹ የሰቆቃ መዝሙሮች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ምስጋና ይዞራሉ፤ ይሄኛው በጨለማ ይጀምራል፣ በጨለማ ያልቃል። እግዚአብሔር ግን ያንን ጸሎት በመጽሐፉ ውስጥ አኑሮታል። ስለዚህ ቃል ያጣችሁ፣ የተቀየማችሁትም ብትሆኑ፣ ያንኑ ቅያሜ ለእርሱ ንገሩት።