የአላን ሚሙን የሩጫ ሕይወት፦ ከ«ጥላነት» ባሻገር

ፈረንሳዊው ሯጭ አላን ሚሙን በአትሌቲክስ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከቼኮዝሎቫኪያዊው ኤሚል ዛቶፔክ ጋር ተያይዞ ነው። «የዛቶፔክ ጥላ» የሚል ቅጽል የተሰጠውም በኦሊምፒክ ሦስት ጊዜ ከእርሱ ቀጥሎ በመግባቱ ነው። ይህ ስያሜ ግን የሚሙንን የሩጫ ሕይወት በከፊል ብቻ ይገልጻል።

ሚሙን እ.ኤ.አ. በ1921 ፈረንሳይ በምትገዛት አልጄሪያ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለፈረንሳይ ተሰልፎ፣ በ1944 በጣልያን ሞንቴ ካሲኖ ግንባር እግሩን ክፉኛ ቆሰለ፤ እግሩ ከመቆረጥ የተረፈውም ለጥቂት ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በለንደን ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር የብር ሜዳልያ አገኘ።

በዚያ ውድድር ዛቶፔክ የቀደመው በ47.8 ሰከንድ ነበር። በ1952 በሄልሲንኪ ልዩነቱ ወደ 15.8 ሰከንድ ወረደ፤ በ5,000 ሜትር ደግሞ 0.8 ሰከንድ ብቻ ሆነ። የሜዳልያው ዓይነት አልተለወጠም፤ በሁለቱ ሯጮች መካከል ያለው ርቀት ግን እየጠበበ ሄዷል።

የሚሙን የበላይነት ይበልጥ የሚታየው በአገር አቋራጭ ነው። ዓለም አቀፉን የአገር አቋራጭ ሻምፒዮና በ1949፣ በ1952፣ በ1954 እና በ1956 በግል አሸንፏል። ዛቶፔክ በእነዚህ ውድድሮች አለመሳተፉ እውነት ነው። ይሁንና ድሎቹ የተዘነጉበት ዋናው ምክንያት ሌላ ይመስለኛል። የአገር አቋራጭ መሮጫ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ ጭቃውና ዳገቱም በሰዓት ስለማይመዘን፣ ክብረ ወሰን አይመዘገብበትም። በሰዓትና በኦሊምፒክ ሜዳልያ ላይ ብቻ የሚመሠረት ታሪክ ይህን ዘርፍ ያልፈዋል።

በ1956 በሜልቦርን ሚሙን በ35 ዓመቱ የመጀመሪያውን ማራቶን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ አሸነፈ፤ ሁለተኛ የወጣውን ዩጎዝላቪያዊ ፍራንዮ ሚሃሊችን በ92 ሰከንድ ቀደመው። ዛቶፔክ ስድስተኛ ወጣ። ዛቶፔክ ከውድድሩ ጥቂት ሳምንታት በፊት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ስለነበር፣ ውጤቱን የሁለቱ የመጨረሻ መለኪያ አድርጎ መውሰድ አይገባም። አልጄሪያ በዚያን ጊዜ ከፈረንሳይ ጋር የነጻነት ጦርነት ላይ ነበረች። ከሚሙን በፊት በ1928 ለፈረንሳይ የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈው ቡገራ ኤል ዋፊም የተወለደው በዚያችው አገር ነው።

በ1960 በሮም፣ አበበ ቢቂላ ባሸነፈበት ማራቶን፣ ሚሙን 34ኛ ወጣ። ሩጫውን ግን አልተወም፤ በ1966፣ በ45 ዓመቱ፣ የፈረንሳይ የማራቶን ሻምፒዮን ነበር።